የነዳጅና የጋዝ ክምችት መጠን ለማስላት የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል? ለጅማ ተማሪዎች የቀረበ ጥቆማ

ጅማ ሆናችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ተማሪዎች፣ በማጠራቀሚያ ዐለት ውስጥ ያለውን የነዳጅ ወይም የጋዝ መጠን ለማስላት በየትኛው ሶፍትዌር መጀመር እንደሚሻል ደጋግማችሁ ትጠይቃላችሁ። ያላችሁ የጥቂት ጉድጓዶች መረጃና አንድ የኮንቱር ካርታ ከሆነ ኪውጂአይኤስ (QGIS) የተባለውን ነጻ የካርታ ሶፍትዌር ከኤክሴል ጋር አጣምራችሁ እንድትሠሩ እመክራለሁ፤ ፔትሬል (Petrel) የተባለውን የነዳጅ ኩባንያዎች ሶፍትዌር የምመክረው የሳይዝሚክ መረጃ (በድምፅ ሞገድ የተወሰደ የከርሰ ምድር ምስል) እና ሕጋዊ ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ነው።

ይህን የምለው ሶፍትዌሩ ምንም ይሁን ምን ስሌቱ ያው ስለሆነ ነው። የዐለቱ ስፋት በተጣራ ውፍረቱ (ዘይት ሊይዝ በሚችለው ክፍል ውፍረት)፣ በፖሮሲቲው (ክፍተቱ ከዐለቱ ባለው ድርሻ) እና ከክፍተቱ ውስጥ ውኃ ባልያዘው ድርሻ ይባዛል፤ ከዚያም ድፍድፍ ዘይቱ ወደ ምድር ገጽ ሲወጣ ጋዝ እየተለየው መጠኑ ስለሚቀንስ፣ ይህንን ለውጥ በሚያሳየው ጥምርታ ይካፈላል። ለምሳሌ ስፋቱ 400 ሄክታር፣ የተጣራ ውፍረቱ 15 ሜትር፣ ፖሮሲቲው 20 በመቶ፣ የውኃ ሙሌቱ 30 በመቶ፣ ጥምርታው 1.25 ቢሆን ውጤቱ 6.72 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ዘይት ነው። ሌላው ሁሉ ሳይነካ ፖሮሲቲው 15 በመቶ ቢሆን ግን 5.04 ሚሊዮን ይሆናል። ሩብ ያህሉን የቀነሰው የአንድ ግምት ለውጥ ነው፤ ስለዚህ ጥሩ መሣሪያ የምለው ግምቶቹን በግልጽ የሚያሳየውንና እንደ ልብ ለመቀያየር የሚመቸውን ነው።

በዚህ ረገድ ኤክሴልን የሚያህል አላገኘሁም፤ በነጻ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስም አያንስም። የሞንቴ ካርሎ ስሌት ለመሥራት ለእያንዳንዱ ግብዓት ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋጋ ሰጥታችሁ በዘፈቀደ ቁጥር በብዙ ሺህ ረድፎች ብትደጋግሙት፣ ፒ90፣ ፒ50 እና ፒ10 የሚባሉትን ውጤቶች ታገኛላችሁ። በዚህ ዘርፍ ፒ90 እውነተኛው መጠን ከእርሱ የመብለጥ ዕድሉ 90 በመቶ የሆነ ቁጥር ስለሆነ የጥንቃቄው፣ ማለትም ዝቅተኛው ግምት መሆኑን ልብ በሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በአሜሪካ መጻሕፍት ቀመር ላይ የምታዩት 7758 ኤከርንና ጫማን ወደ በርሜል የሚለውጥ ቁጥር ስለሆነ፣ በሜትር ስትሠሩ ከቶ አታስገቡት። በርሜል ከፈለጋችሁ የመጨረሻውን ሜትር ኪዩብ በ6.29 ማባዛት ይበቃል።

ኪውጂአይኤስ የሚያስፈልገው ስፋትና ውፍረት ከቦታ ቦታ ሲለያዩ ነው። የዐለቱን ጣሪያና ወለል ሁለት ራስተር (በየነጥቡ የጥልቀት ቁጥር የያዘ የካሬዎች ካርታ) አድርጋችሁ፣ ከዘይትና ከውኃ መገናኛው በላይ ያለውን መጠን ለየብቻ አስልታችሁ የወለሉን ከጣሪያው ትቀንሳላችሁ። ጥልቀቱ በአሉታዊ ቁጥር መግባት አለበት፤ አለበለዚያ «ከዚህ በላይ» የሚለው ትእዛዝ ተገልብጦ ከመገናኛው በታች ያለውን ዐለት ይቆጥርላችኋል። ሌላው ወጥመድ የካርታ ፕሮጀክሽን፣ ማለትም ክቡን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማስፈር ዘዴ ነው። ዩቲኤም በተባለው ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር በሚለካው ዘዴ ጅማ በዞን 37 ውስጥ ስለምትገኝ ፋይላችሁን በዚያ የማስተካከል ልማድ ይኖራችሁ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ጋዝ የተገኘበት የኦጋዴኑ ካሉብ ግን በዞን 38 ነው። ፕሮጀክሽኑን በዲግሪ ከተዋችሁት ደግሞ የሚወጣው ቁጥር ትርጉም አይኖረውም። እንደ ካሉብ ያለ የጋዝ መስክ ስታሰሉም የዘይቱን ጥምርታ ትታችሁ፣ በግፊትና በሙቀት የሚወሰነውን የጋዝ ጥምርታ ማስገባት ይኖርባችኋል።

ኤክሴልም ኪውጂአይኤስም ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መሥራታቸው መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ቀላል ጥቅም አይደለም። የኪውጂአይኤስ መጫኛ ፋይል ከባድ ስለሆነ አንድ ሰው በግቢ ዋይፋይ አውርዶ ለሌሎቹ በፍላሽ ቢያዳርስ ወጪ ይቆጥባል፤ ነጻ ሶፍትዌር በመሆኑም ማዳረሱ ሕጋዊ ነው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚችል ሰው የኤክሴሉን ሥራ በፍጥነት ይሠራለታል፣ ለዚህ ስሌት ብቻ ብሎ መማር ግን አያስፈልግም።

ፔትሬል ስንጥቅ ያለበትንና የዐለት ዓይነቱ የሚቀያየርበትን መስክ በሦስት አቅጣጫ (3ዲ) ከፋፍሎ በየሕዋሱ የሚያሰላ ኃይለኛ መሣሪያ ነው፤ አምራቹ ለዩኒቨርሲቲዎች ፈቃድ የሚሰጥበት አሠራር ስላለ በትምህርት ክፍላችሁ በኩል መጠየቅ ተገቢ ነው። ክራክ የተደረገ ቅጂ እንጫንላችሁ የሚሏችሁን ግን አትቀበሉ፤ ከቫይረሱ በላይ፣ በጽሑፋችሁ ላይ ያገኛችሁበትን መንገድ ልትገልጹ የማትችሉት ውጤት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ለጅማ ቅርብ በሆነው በደልቢ ሞዬ ስላለው የዘይት ሼል ለምትጠይቁ፣ ከላይ ያለው ቀመር አያገለግላችሁም። በሼሉ ውስጥ ያለው ኬሮጅን (ሲሞቅ ዘይት የሚወጣው ንጥረ ነገር) ጠጣር እንጂ በክፍተት የተጠራቀመ ፈሳሽ ስላልሆነ፣ የዐለቱን መጠን በጥግግቱ አባዝታችሁ ቶኑን ካገኛችሁ በኋላ፣ በላቦራቶሪ የፊሸር ምርመራ ከአንድ ቶን በሚገኘው የዘይት ሊትር ማባዛት ነው። ለዚህ ደግሞ ኤክሴል ብቻውን ይበቃል።