ጥቆማ፦ የጂግ ማፍሰሻ ሞልድ ከውጪ ይምጣ፣ ቶርኖ ቤት ይሠራ ወይስ በጀሶ?

ባህር ዳርና መራዊ አካባቢ በዘንግ የምታጠምዱ ልጆች ስለ ጂግ ሞልድ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ለማታውቁት፣ ጂግ ማለት አናቱ ላይ እርሳስ የፈሰሰበት መንጠቆ ነው፣ ሞልድ ደሞ የቀለጠው እርሳስ የሚፈስበት፣ ሁለት ገጽ ያለው ቅርጽ ማውጫ ነው። ከጨራጨራ ግድብ በታች አባይ ድንጋዩ ውስጥ ወይ ጣና ዳር ደንገሉ ስር ስትወረውሩት ብዙው እዛው ተሰክቶ ይቀራል፣ ከውጪ በስንት መከራ የመጣውን እንደዛ መጨረስ ያንገበግባል፣ ለዛ ነው ራስ ማፍሰስ የሚያዋጣው።

ሞልድ ከማየታችሁ በፊት ግን መንጠቆ ምረጡ። ይሄን አጥብቄ የምላችሁ ሰው ሁሉ ሞልዱን ቀድሞ ገዝቶ በኋላ የሚገጥምለት መንጠቆ ሲያጣ ስለማይ ነው። የጂግ መንጠቆ ክር የሚታሰርበት ቀለበት አጠገብ አንገቱ ጎበጥ ያለ ነው፣ ወይ 60 ወይ 90 ዲግሪ፣ ሞልዱም ለዛ አንገት ልክ ተቦርቡሮ ነው የሚሠራው። እዚህ ገበያ ለአምባዛና ለቀረሶ የሚሸጠው ደሞ ቀጥ ያለ ነው፣ ሞልዱ ውስጥ ስታስተኙት ሁለቱ ገጽ አይገጥምም። በፒንሳ ልጠፈው ብትሉ ይሰበራል፣ አግላችሁ ብታጥፉት ይለሰልስና ደህና አሳ ሲጎትተው ይቃናል። ስለዚ ወይ የጎበጠውን መንጠቆ ለዓመት የሚበቃ አስመጥታችሁ ሞልዱን በሱ ልክ አሠሩ፣ ወይ በቀጥታው ከሠራችሁ ቀለበቱ ከእርሳሱ አፍንጫ ፊት ለፊት እንዲወጣ አድርጋችሁ አስቦርቡሩ። ልዩነቱ የጎበጠው ውሃ ውስጥ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ስለሚሄድ ድንጋይ ብዙ አይዝበትም፣ ቀጥታው ለድንጋይ ሳይሆን ለገላጣ ውሃ ነው።

ክብደት ላይ አትሳሳቱ። አሜሪካኖቹ ባስ ለሚባለው አሳቸው የሚያፈሱት ከነቀሚሱ (መንጠቆውን ከሚሸፍነው ጭራ ጋር) ወፍራም ነው፣ እኛ ጋ ባስ የለም፣ እዚህ ጂግ አባሮ የሚመታው ነጩ አሳ ነው። ከጣና 15 የነጭ አሳ ዝርያዎች 8ቱ አሳ በል ናቸው፣ ግን መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው ያለው፣ ነክሰው አይቆርጡም፣ ቀጠን ያለውን ሙሉውን ነው የሚውጡት። ጣና ራሱ ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር፣ ትልቁ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚ ለሐይቁ 5 እና 7 ግራም፣ ለአባይ ወራጅ 10 ግራም የሚያወጣ ሞልድ ይበቃችኋል፣ 20 ምናምን የሚያወጣ ጉድጓድ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ቅርጹን በተመለከተ ለጀማሪ ድቡልቡሉ ይሻላል፣ ለደንገልና ለእንቦጭ አፍንጫው ሹል ያለው።

አሁን ወደ ምርጫው። ከውጪ የሚመጣው የአሉሚኒየም ሞልድ፣ ዱ-ኢት የሚባለው ማለት ነው፣ ጥራቱ አያጠያይቅም፣ አንዱ ላይ የተለያየ ክብደት አለው፣ ለየትኛው መንጠቆ እንደተሠራም አብሮ ይጻፋል። ውጪ ዘመድ ያለው በሻንጣ ያስመጣ፣ ግን መንጠቆውንም አብሮ ያስመጣ፣ አለዚያ ሞልዱ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀረው።

የኔ ምርጫ ቶርኖ ቤት ማሠራት ነው። ባህር ዳርም ደብረ ማርቆስም የሚሠሩ አሉ፣ መጀመሪያ ግን ፍሬሳ (ብረት የሚቦረቡር ማሽን) አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ቶርኖ ብቻ ካላቸው ግማሽ ድቡልቡሉን በሁለቱ ገጽ ላይ እኩል ማውጣት ይቸገራሉ። ወፈር ያሉ ሁለት የአሉሚኒየም ጠፍጣፋ፣ እንዳይንሸራተቱ ሁለት ፒን፣ ከላይ እንደ ማንቆርቆሪያ ሰፋ ያለ የማፍሰሻ አፍ። መንጠቆውን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልክ ፎቶ አይሆንም። ስትረከቡ ሁለቱን ገጥማችሁ ወደ ፀሐይ አንሱትና በጎን እዩ፣ ብርሃን ካሳለፈ እርሳሱም በዛው ይወጣል፣ እያንዳንዱን ጂግ በሞረድ ስትሞርዱ ትውላላችሁ፣ ስለዚ እዛው ቆማችሁ አስተካክሉልኝ በሉ። እኔ አንዱ ጋ አሠርቼ ፒኑ ልል ስለነበር ጂጉ ሁሉ ግማሽና ግማሹ ተዛንፎ ነበር የሚወጣው፣ ሌላ ቤት ነው ያስተካከሉልኝ።

ጀሶ ርካሽ ነው፣ ቅርጽ ለመሞከር ጥሩ ነው። ችግሩ ውሃ ነው። የደረቀ ሲመስል ራሱ ውስጡ ውሃ አለ፣ የቀለጠ እርሳስ ሲነካው ተንኖ እርሳሱን ወደ ፊታችሁ ይረጨዋል። ቢያንስ ሳምንት ፀሐይ ላይ፣ ከዛ እንጀራ የማይጋገርበት ምጣድ ላይ በቀስታ ታግሶ ማድረቅ ያስፈልጋል፣ ያም ሆኖ ጠርዙ ቶሎ ይሸራረፋል። መለዋወጫ ቤት ያለው ቀዩ ሲሊኮን ለእርሳስ ሙቀት አይመከርም፣ በዋንዛ እንጨት የቀረጻችሁትም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሰል ነው።

እርሳሱን ጎሚስታ ቤት አሮጌ የጎማ ባላንስ ጠይቁ፣ ግን ዚንክ የሆነም አለ፣ በፒንሳ ስትነክሱት ካልተበሳ ዚንክ ነውና አውጡት። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሲቀልጥ ዚንክ 419 ይፈልጋል፣ ከገባ ደሞ ሙሉውን ያበላሸዋል፣ ጉድጓዱን አይሞላም። የባትሪ እርሳስ ግን በፍጹም አትንኩ፣ አሲዱም ጭሱም መርዝ ነው። ማቅለጥ ውጪ፣ ነፋሱን በጀርባ አድርጎ፣ ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ ልጆችና ነፍሰ ጡር በሌሉበት፣ ለምግብ በማይመለስ የብረት ዕቃ። ሞልዱን መጀመሪያ አሙቁት፣ ውስጡን በሻማ ጥላሸት አጥቁሩት፣ ቀዝቃዛ ሞልድ ላይ የፈሰሰ እርሳስ ግማሽ መንገድ ላይ ይረጋል።

አቅም ያለው ደሞ በእርሳስ ፋንታ በንጹህ ቆርቆሮ ብረት (ቲን የሚባለው፣ የጣሪያው ቆርቆሮ አይደለም) ቢያፈስ ደስ ይለኛል። እንግሊዞች ትንንሽ የእርሳስ ክብደቶችን በ1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የከለከሉት የውሃ ወፎች እየዋጡት ስለሞቱ ነው፣ ጣና ደሞ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ ነው፣ እዛ ድንጋይ ስር የምንተወው ሁሉ እርሳስ ነው። ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከሰል ላይ በቀላሉ ይሆናል፣ ጀሶውም በሱ ይበልጥ ይቆያል። ብቻ እስታኞ (የመበየጃው ሽቦ) ሁሉ ንጹህ ቆርቆሮ አይደለም፣ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ያለው ብዙው እርሳስ የተቀላቀለበት ነውና ጠይቃችሁ ግዙ። ክብደቱም ይቀላል፣ 10 ግራም እርሳስ የሚይዘው ጉድጓድ 6 ግራም ተኩል ገደማ ቆርቆሮ ነው የሚይዘው፣ ስለዚ በቆርቆሮ የምትሠሩ ከሆነ ፍሬሳው ላይ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ አስቦርቡሩ።