ክርክር፦ ሙሉ መጽሐፍ በቡድናችን መለጠፍ ይቀጥል ወይስ ይቁም?

አስተባባሪ (ቱሉ ዲምቱ)፦ በኮንዶሚኒየማችን የቴሌግራም ቡድን ሰሞኑን የታተሙ ልቦለዶች ሳይቀሩ በፒዲኤፍ እየተለጠፉ ነው። አንድ አባል፣ «መለጠፉ ይከልከል» ብለዋል። ሐሳባችሁን ጻፉ።

ተማሪ (ኮዬ ፈጬ)፦ እቃወማለሁ። እኛ ሰፈር የመጽሐፍ መደብር የለም፤ አራት ኪሎ ድረስ ሄዶ ለመግዛት የትራንስፖርቱን ወጪም መቻል ያስፈልጋል። ፋይል ለጓደኛዬ ብልክ ከማንም እጅ የሚጎድል ነገር የለም። ታዲያ የሰረቅሁት ከማን ነው?

መጽሐፍ ሻጭ (ገላን)፦ ከደራሲው ነዋ! ብዙ ደራሲ ማተሚያ ቤት የሚከፍለው ከኪሱ አውጥቶ ወይም ተበድሮ ነው። መጽሐፉ በወጣ ሳምንት ስልክ ላይ ከተበተነ ብድሩን በምን ይመልሳል?

ጡረተኛ መምህር (አቃቂ)፦ ልጄ፣ እኛም መጽሐፍ እየተዋዋስን ነው ያደግነው፤ ነውር ያለንም አልነበረም። ግን ያዋስነው መጽሐፍ እስኪመለስ ድረስ እኛ ዘንድ አይኖርም። ፋይል ሲላክ ላኪውም ተቀባዩም ባለቤት ይሆናሉ፤ በመቶዎች ለሚቆጠር አባል ሲለጠፍማ ማተም ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለግል አገልግሎት አንድ ቅጂ ማባዛትን በገደብ ይፈቅዳል፤ ማሰራጨትን ግን ለመብቱ ባለቤት ይተዋል። ጥበቃው ደራሲው ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ያ ጊዜ ያለፈባቸውን የቀደሙ ሥራዎች እንለጥፍ፤ ለወጣቱም ይጠቅማሉ። በሕይወት ያለ ሰው የደከመበትን ግን አንንካ።

የኮምፒውተር ባለሙያ (ለገጣፎ)፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የገዢውስ መብት? በ2009 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት መደብሩ አማዞን ለደንበኞቹ የሸጣቸውን መጻሕፍት ከንባብ መሣሪያቸው ላይ ከርቀት አጠፋ። ያለፈቃድ የቀረቡ ነበሩ፤ ገንዘቡንም መልሷል። ሆኖም ሰው ቤት ገብቶ መደርደሪያ የሚፈትሽ ሻጭ አይተን አናውቅም ነበር። ዛሬ ሙዚቃውም ፊልሙም በወርኃዊ ክፍያ ሆኗል፤ መክፈል ስናቆም ባዶ እጃችንን እንቀራለን። ለዚህ ነው ሰው ፋይሉን በሚሞሪ ካርዱ ይዞ ማስቀረት የሚፈልገው። ደራሲው ራሱ ፋይሉን በቴሌብር ይሽጥልን፤ የገዛነውም በእጃችን ይቅር።

ተማሪ፦ ከታተመው በርካሽ ከሆነ እከፍላለሁ። አብራኝ ለምትኖረው እህቴ ግን መስጠት እችላለሁ?

መጽሐፍ ሻጭ፦ ለእህትህማ ስጥ። ቡድኑ ላይ ግን አትለጥፈው።

የኮምፒውተር ባለሙያ፦ እህቱ ለጓደኛዋ ብትልክስ?

ጡረተኛ መምህር፦ እሷም ለአንድ ሰው ብቻ ትስጥ ማለት አልችልም። ደራሲው ሲሸጥ ይወስን፤ እኛም ከመክፈላችን በፊት ውሳኔውን እንወቅ።