በሳምንት 5 ወይም 6 ሰዓት ብቻ እያጠናሁ የዳታ ተንታኝ መሆን እችላለሁ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በአንድ ድርጅት ውስጥ የንብረት መዝገብ ሠራተኛ ስሆን፣ ወደ ዳታ ትንተና ሙያ መሸጋገር እፈልጋለሁ። ባለፉት 4 ወራት ኤክሴልን፣ ኤስኪውኤልን (መረጃን ከሰንጠረዦች ማውጫ ቋንቋ)፣ ፓይተንን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) እና ፓወር ቢአይን (መረጃን በሥዕላዊ ሪፖርት ማሳያ ፕሮግራም) በአንድ ጊዜ ጀምሬ፣ ብዙ ጊዜ እስከ እኩለ ሌሊት እያመሸሁ የቪዲዮ ትምህርቶችን ተከታተልሁ። ይሁን እንጂ ቪዲዮውን ዘግቼ ባዶ ገጽ ስከፍት አንዲት መስመር እንኳ ራሴ መጻፍ ያቅተኛል፤ ካለፈው ወር ወዲህማ ኮምፒውተሩን መክፈትም አስጠልቶኛል። ሁለት ልጆች ስላሉኝ በሳምንት ከ5 ወይም ከ6 ሰዓት በላይ አላገኝም። በዚህ ጊዜ ሥራ እስከማግኘት መድረስ ይቻላል? ከተቻለስ የትኛውን ልያዝ፣ የትኛውን ልተው?

መልስ 1፦

ውድ ጠያቂ፣ ይቻላል፤ አራቱን አንድ ላይ ይዞ ግን አይቻልም። እኔ በሳምንት 6 ሰዓት ያህል እያጠናሁ የመጀመሪያውን የተንታኝነት ሥራ ያገኘሁት ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ስለሆነ፣ በጥቂት ሳምንታት ተንታኝ እናደርጋለን የሚሉ ማስታወቂያዎችን የጊዜ መለኪያዎ እንዳያደርጓቸው አጥብቄ እመክራለሁ። ከገለጹት እንደምረዳው ያደከመዎት አንዱ ሳይሰርጽ ወደ ሌላው መዝለሉ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 5 ወራት ኤስኪውኤልን ብቻ ይያዙ። የድርጅቶች መረጃ በአብዛኛው እርስ በርሳቸው በተያያዙ ሰንጠረዦች ስለሚቀመጥ፣ ከዚያ ራሱ ማውጣት የማይችል ተንታኝ ሁልጊዜ የሌላ ሰው እጅ ጠባቂ ይሆናል። ቋንቋው በ1970ዎቹ የተወጠነ ሆኖ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ስላለ፣ ቀስ ብዬ ስማር ያረጅብኛል ብለው አይስጉ። ኤስኪውኤልን የሚለማመዱበት ኤስኪውላይት የተባለው ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ነው፤ መላውን የመረጃ ቋት በአንድ ፋይል ስለሚያስቀምጥም ሰርቨር ማቋቋም አያስፈልግዎትም። መለማመጃዎ አሳምረው የሚያውቁት የንብረት መዝገብ ይሁን። ነገር ግን የመሥሪያ ቤትዎን እውነተኛ መረጃ ወደ ቤት አይውሰዱ፤ መልኩን አስመስለው 40 ያህል ረድፍ ራስዎ ይጻፉ።

መልስ 2፦

በመጀመሪያው መልስ እስማማለሁ፤ ስለ ሰዓቱ አጠቃቀም ግን የምጨምረው አለኝ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ሰው የተማረውን በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን በ1885 አሳትሟል። ስለዚህ ያሉዎትን 5 ሰዓታት በእረፍት ቀን ከመጨረስ ይልቅ በ5 ቀናት ይከፋፍሏቸው፤ ሁለቱን ቀናት ደግሞ ያለ ጸጸት ይረፉባቸው። በየዕለቱ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ትናንት የጻፉትን ኩዌሪ (ለመረጃ ቋቱ በኤስኪውኤል የሚቀርብ ጥያቄ) ሳያዩ እንደገና ለመጻፍ ያውሏቸው። ባዶው ገጽ የሚያስፈራዎት እስካሁን የሰው እጅ ሲጽፍ እያዩ ስለተማሩ ነው፤ ከእንግዲህ 10 ደቂቃ ካዩ 40 ደቂቃ ይጻፉ።

መልስ 3፦

በሥራዬ አዳዲስ ተንታኞችን ስለምፈትን፣ ብዙዎች የሚወድቁበትን አንድ ቦታ ላሳይዎት። የንብረት ሰንጠረዥና የጥገና ሰንጠረዥ አለዎት እንበል። ዋጋው 1,000 የሆነ አንድ ማሽን ሁለት ጊዜ ተጠግኖ ከሆነ፣ ሁለቱን ሰንጠረዦች በጆይን (ረድፎችን በጋራ መለያቸው በሚያገናኘው ትእዛዝ) አገናኝተው ዋጋውን ሲደምሩ ያ ማሽን 2,000 ሆኖ ይቆጠራል። ፕሮግራሙ ስሕተት አለ አይልዎትም፤ የተሳሳተውን ድምር ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያቀብልዎታል። በተቃራኒው ኢነር ጆይን (በሁለቱም ሰንጠረዦች የሚገኘውን ብቻ የሚያወጣውን) ከተጠቀሙ፣ አንድም ጊዜ ያልተጠገነው ንብረት ከነጭራሹ ከውጤቱ ይወጣል። ከማገናኘትዎ በፊትና በኋላ ረድፎቹን መቁጠር ልማድ ይሁንዎ። ሦስት ቋንቋ በጨረፍታ ከሚያውቅ አመልካች ይልቅ ይህንን ቆጥሮ የሚያስረዳኝን እመርጣለሁ።

መልስ 4፦

በአንድ ነገር እለያለሁ። ለጀማሪ በሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ኤክሴል ተደጋግሞ ስለሚጠየቅ ፈጽሞ አይተዉት፤ በቀን ሥራዎ ላይ ፒቮት ቴብልን (ረድፎችን በየምድባቸው ደምሮ የሚያሳየውን የኤክሴል መሣሪያ) ይለማመዱበት። በአንድ ገጽ ከ1,048,576 ረድፍ በላይ እንደማይዝና የመለያ ቁጥር መነሻ ላይ ያለውን ዜሮ እንደሚያጠፋ ግን ይወቁ። በተጨማሪም የሥራ ልምድ ፍለጋ ሩቅ አይሂዱ። ባልደረቦችዎ በየወሩ በእጅ ከሚያዘጋጁት ሪፖርት አንዱን በፈቃድ ተረክበው ቢያሻሽሉ፣ ለቀጣሪ የሚናገሩት እውነተኛ ታሪክ ይኖርዎታል።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፓይተንን መቼ ልመለስበት?

መልስ 1፦

ከሁለት ወይም ከሦስት ሰንጠረዦች የሚወጣን ጥያቄ ያለ ረዳት መመለስ ሲችሉ ይመለሱበት። ያኔ ፓንዳስ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ (የተዘጋጁ ትእዛዞች ስብስብ) ውስጥ መርጅ የሚባለው ትእዛዝ ከሚያውቁት ጆይን ጋር አንድ ዓይነት ሐሳብ መሆኑን ስለሚያዩ፣ የሚቀርዎት አጻጻፉን መልመድ ይሆናል። ፓወር ቢአይም እንዲሁ ሰንጠረዦችን በማያያዝ ላይ የቆመ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ይቀልልዎታል።

ጠያቂው (ከ3 ሳምንት በኋላ)፦

ፓይተንንና ፓወር ቢአይን አቆይቼ ጥናቴን በኤስኪውኤል ብቻ ቀጥያለሁ፤ ኤክሴልን ቀን በሥራዬ ላይ እጠቀምበታለሁ። ትናንት 40 ንብረቶችንና 26 ጥገናዎችን ጽፌ ሳገናኝ በኢነር ጆይን 26፣ በሌፍት ጆይን (ያልተጠገኑትንም ንብረቶች በሚያወጣው) 50 ረድፍ አገኘሁ። አንድ በአንድ ስቆጥር 24 ንብረቶች ጭራሽ አልተጠገኑም፤ 9 አንዴ፣ 4 ሁለት ጊዜ፣ 3 ደግሞ ሦስት ጊዜ ተጠግነዋል። ጥገናዎቹን በየንብረቱ በግሩፕ ባይ (ረድፎችን በሚመድበው ትእዛዝ) አስቀድሜ ደምሬ በሌፍት ጆይን ሳገናኛቸው ረድፎቹ ወደ 40 ተመለሱ። ቪዲዮ ሳልከፍት ከባዶ ገጽ ተነሥቼ የጻፍሁት የመጀመሪያው ኩዌሪ ይህ ነው።