«ፓወር» እዚህ ላይ ስልጣን ነው ወይስ ኃይል?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ሰላም ቤቶች። «ፓወር» (power) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቀን አስቀመጠኝ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ፍሎይድ ሀንተር ስለ አትላንታ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት ከተማዋን የሚያውቁ ሰዎችን «ፓወር ያለው ማን ነው?» እያለ 40 ስም ያወጣል። ከግማሽ በላይ የንግድ፣ የባንክና የኢንዱስትሪ ሰዎች ናቸው፤ የመንግሥት ወንበር ያላቸው ጥቂት። «ስልጣን» ብዬ ብጽፍ መምህሬ በቀይ አሰመረበት። «ኃይል» ስል መብራት ኃይል መሰለብኝ።

ዲያቆኑ፦ ያሰመረብህማ በእሳቱ ሰ ስለጻፍክ ነው! ሥልጣን በንጉሡ ሠ ነው። ሠለጠነ፣ ገዛ፣ አዘዘ። ሥልጣነ ክህነት ሲባል አልሰማህም? ሥልጣኔም የዚሁ ልጅ ናት።

ሸዋ በር፦ ሱልጣንስ? ዐረብኛውም ገዢ ነው።

ዲያቆኑ፦ ዝምድናውን አልካድኩም። ማን ከማን ተዋሰ ነው ጥያቄው።

ሸዋ በር፦ ወንድማማች ይወርሳል እንጂ ይዋሳል እንዴ?

የኮምቦልቻው፦ በእሳቱ የተጻፈ ሥልጣን ያዡን ያቃጥላል። ልጁ ያየው ነገር አለ፣ ተዉት።

ሰኞ ገበያ፦ ኧረ ልጁ የጠየቀው ሌላ! እድራችን ውስጥ አንድ አባት አሉ። ሊቀ መንበር አይደሉም፣ ገንዘብ ያዥም አይደሉም። ድንኳኑ የት ይተከል ሲባል ግን ሁሉም ዞሮ እሳቸውን ያያል። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻ ከመለሱ ጭቅጭቁ አለቀ። «ቃላቸው ይሰማል» ነው የምንለው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ እትዬ፣ «ተሰሚነት» ልበለው? ግን ሌላው አሜሪካዊ፣ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪው ሮበርት ዳል ይጣላኛል። እሱ ኒው ሄቨን የምትባል የአሜሪካ ከተማ ላይ ስም አልሰበሰበም፤ ውሳኔ ነው የተከታተለው። የከተማ መልሶ ግንባታ፣ ትምህርት ቤት፣ የፓርቲ እጩ አመራረጥ። በየጉዳዩ ዋና ሆነው ያገኛቸው ሰዎች ይለያያሉ። የሱስ «ፓወር» ምን ይባል?

ዲያቆኑ፦ ቆይ፣ «ይሰማል» ላይ ሰ ትጠብቃለች ወይስ ትላላለች? ስትላላ ሰሚ ነው፣ ስትጠብቅ ተሰሚ። ይቺኛዋ ደግሞ በእሳቱ ናት፤ ሰምዐ፣ ሰማዕት።

የኮምቦልቻው፦ የኛ ሹሞች ጠብቀው ነው የተሾሙት። ላልቶ የሚሰማ አላየሁም።

ሸዋ በር፦ ዐረብኛም ሰሚዐ ይላል፣ እንዳትረሱኝ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ዲያቆን፣ ነገ ጠዋት ነው የማስረክበው!

ዲያቆኑ፦ «ረከበ» በግእዝ አገኘ ነው። አንተ ገና አላገኘህም።