ከፒፔት (ከላቦራቶሪ ሥራ) ርቄ ቀረሁ፤ መንገዱን የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በዲቪ ሜሪላንድ ከገባሁ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አገር ቤት በባዮቴክኖሎጂ ማስተርሴን ይዣለሁ፤ ዲኤንኤ ማውጣት፣ ፒሲአር (ዲኤንኤን በዙር በዙር ማባዛት) መሥራት፣ ጄል ማስሮጥ (የዲኤንኤ ቁርጥራጮችን በኤሌክትሪክ በመጠናቸው መለየት) እጄ ለምዶታል። (ፒሲአሩ 28ኛው ዙር ላይ ሲደርስ መብራት ሄዶብኝ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩበት ቀን አይረሳኝም።) አሁን ሌሊት ሌሊት መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ።

ምኞቴ የአንጎል ሴሎችን የሚያጠና ላብ (ላቦራቶሪ) መግባት ነው። ቤቴስዳ ያለው ኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) ለፖስትባክ (ከዲግሪ በኋላ ላብ ውስጥ እየሠሩ ለሚለማመዱበት ፕሮግራም) ግሪን ካርድ ያለውን ይቀበላል፤ ግን የሚፈልጉት በቅርብ የተመረቀ ነው፣ የእኔ ቆይቷል። ለ23 ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ልኬ 2 ብቻ መለሱልኝ። አንዷ «ከአይጥ ጋር ሠርተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። እኔ አይጥ የማውቀው ጎተራ ውስጥ ነው!

በላብ ቴክኒሽያንነት ልጀምር ወይስ ቀጥታ ፒኤችዲ ላመልክት? በባዮሎጂ ፒኤችዲ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርቱን ክፍያ ሸፍነው የወር ኪስም እንደሚሰጡ አውቃለሁ፤ የጨነቀኝ የድጋፍ ደብዳቤው ነው። አማካሪዬን የማገኘው በቴሌግራም ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ካልመጣ ደግሞ አይታመንም ይሉኛል። በዚህ ያለፋችሁ እንዴት እንደተወጣችሁት ንገሩኝ።