ጆን ፓቾሬክ በአንድ ጨዋታ ብቻ ስሙ የቀረው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ይህ የቤዝቦል ተጫዋች በአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ የተሰለፈው አንድ ቀን ብቻ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ የሚነሳበትን ምክንያት የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዕለቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1963 ነበር። የ18 ዓመቱ ፓቾሬክ ዛሬ አስትሮስ ለሚባለው የሂዩስተን ቡድን ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር ሲጫወት አምስት ጊዜ ለመምታት ወጥቶ ሦስቱን በሚገባ መታ፤ በቀሩት ሁለቱ ወርዋሪዎቹ አራት አራት ኳስ ከክልሉ ውጭ ስለወረወሩለት ያለ ምት ወደ መጀመሪያው ቤዝ (መቺው ሮጦ ከሚደርስባቸው የሜዳው ማረፊያዎች አንዱ) አለፈ። እንዲህ ያለው ማለፍ በመምታት አማካይ ስሌት ስለማይገባ ውጤቱ ከሦስት ሦስት፣ ማለትም ከዚያ በላይ የማይገኝ 1.000 ሆኖ ተመዘገበ፤ ስሙ የሚነሳውም ለዚህ ነው። አራት ጊዜም ዞሮ ነጥብ አስቆጥሯል፤ ሂዩስተን 13 ለ 4 አሸነፈ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን አልቀጠለም?

መልስ፦ ጀርባው ነው። በቀጣዩ ዓመት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በታችኛው ሊግ እስከ 1969 ቢታገልም አልተመለሰም፤ በኋላ የስፖርት መምህር ሆነ። ወንድሙ ቶም ግን በከፍተኛው ሊግ 18 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። በእኔ ግምት፣ ቶም እንኳ ያን 1.000 ሳይመኘው አይቀርም።