ከርነል ሲታደስ የኤንቪዲያ ድራይቨር አይነሳም፤ ምን ይደረግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሲስተሙ ኡቡንቱ 22.04 (ሊነክስ)፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1650፣ ድራይቨሩ በአፕት (በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ) የተጫነ 535 ነው። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ከ6.2 ወደ 6.5 ካለፈ ወዲህ ሁለተኛው ሞኒተር አይታይም፤ የካርዱን ሁኔታ በሠንጠረዥ የሚያሳየውን «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» ስንለውም ድራይቨሩን አላገኘሁም ይላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚመጣው የግረብ ሜኑ 6.2 ሲመረጥ ሁሉም ይሠራል። ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና መጫን ለውጥ አላመጣም። ሴኪዩር ቡት (የታወቀ ፊርማ የሌለውን የሚያግደው) በርቷል።

ሽቦ፦ በ6.2 ከሠራ ካርዱም ድራይቨሩም ደህና ናቸው። የጎደለው ለ6.5 የሚሆን ሞጁል (ከርነሉ ውስጥ የሚጫነው የድራይቨሩ ክፍል) ነው። ለአንድ ከርነል የተገነባ ሞጁል ለሌላው ስለማይሆን ዲኬኤምኤስ የሚባለው መሣሪያ በየከርነሉ እንደ አዲስ ይገነባዋል፤ ለዚህም የዚያው ከርነል ሄደር (ለግንባታ የሚያስፈልጉት ፋይሎች) መኖር አለበት። «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» ብለህ ከ6.5 ጎን «ኢንስቶልድ» የሚል ካጣህ፣ በ«/ቫር/ሊብ/ዲኬኤምኤስ/ኤንቪዲያ» ሥር «ሜክ.ሎግ» የሚለውን ፋይል ክፈት። ከላይ ጀምረህ የመጀመሪያውን «ኤረር» ፈልግ፤ የመጨረሻው መስመር ግንባታው አልተሳካም ከማለት በቀር የሚነግርህ የለም።

ጠያቂ፦ ሄደሩ አለ። ሎጉ «-ኤፍትሪቪያል-አውቶ-ቫር-ኢኒት=ዜሮ» የሚለውን ትእዛዝ አላውቀውም ይላል።

ዳሞት፦ በቃ፣ ችግሩ ኮምፓይለሩ (ሞጁሉን ከኮድ የሚገነባው ጂሲሲ) ነው። የ22.04 መደበኛ ጂሲሲ 11 ሲሆን ይህ 6.5 የተገነባው በጂሲሲ 12 ነው፤ ያ ትእዛዝ ደግሞ የመጣው ከ12 ጀምሮ ነው። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጂሲሲ-12»፣ ቀጥሎ «ሱዶ ዲኬኤምኤስ አውቶኢንስቶል -ኬ» ብለህ የከርነሉን ሙሉ ስም ጨምር፤ ስሙን ከ«/ሊብ/ሞጁልስ» ታገኘዋለህ። «-ኬ»ን ከተውከው የሚገነባው አሁን ለተነሳው ለ6.2 ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጠያቂ፦ ተገነባ፣ ተባረኩ። አሁን ግን በ6.5 ተነስቶ «ሞድፕሮብ ኤንቪዲያ» ሲባል «ኪ ዋዝ ሪጀክትድ ባይ ሰርቪስ» ይላል።

ሽቦ፦ ሴኪዩር ቡት የሞጁሉን ፊርማ አላወቀውም፤ የፊርማውን ቁልፍ ማስመዝገብ ነው። «ሱዶ ሞክዩቲል --ኢምፖርት /ቫር/ሊብ/ሺም-ሳይንድ/ሞክ/ሞክ.ዴር» በልና ጊዜያዊ ፓስወርድ ስጠው። ሪስታርት ሲሆን ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ ቶሎ አንድ የኪቦርድ ቁልፍ ካልነካህ ያልፍሃል፣ እንደገና ኢምፖርት ማድረግ ነው። «ኢንሮል ሞክ»ን (ቁልፉን መዝግብ ማለት ነው) መርጠህ ያንኑ ፓስወርድ አስገባ። የፊርማው ቁልፍ አንዴ ከተመዘገበ ለሚቀጥሉት ከርነሎችም ያገለግላል።

ዳሞት፦ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመገላገል «ሊነክስ-ሞጁልስ-ኤንቪዲያ-535-ጄኔሪክ-ኤችደብልዩኢ-22.04» የሚለውን ፓኬጅ ጫን። ተገንብቶና ተፈርሞ ነው የሚመጣው፤ ከኡቡንቱ ውጭ የመጣ ከርነል ለምትጠቀሙ ግን አይሆንም። «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» በ6.5 ሠንጠረዡን እስኪያሳይህ ድረስ «አፕት አውቶሪሙቭ» እንዳትል፤ 6.2ን ሊጠርገው ይችላል።